ሶል ማይነር፣ ያለ ምሕረት

ዋልዝ የለስላሳ ሰዎች ሙዚቃ ነው የሚል ሰው ወይ ጆሮ የለውም፣ ወይ ይዋሻል። ዳንሱን አስቡት። ወንዱ ወገብ ጨብጦ ያሽከረክራል፤ ሴቲቱ ወደ ኋላዋ እየሄደች፣ የምትሄድበትን ሳታይ፣ ፈገግ ማለት አለባት። ይህን ነው እንግዲህ ጨዋነት የሚሉት! የዚህ ታሪክ ዋልዝ ደግሞ በሶል ማይነር፣ በጨለማው ቅኝት፣ የተጻፈ ነው። ከመነሻው ጠብ ይፈልጋል። መሃሉ ላይ ወደ ሶል ሜጀር፣ ወደ ብሩሁ ቅኝት፣ ይዞርና አንዲት ቫዮሊን ብቻዋን የምትጫወትበትን አንድ ብሩህ ገጽ ይከፍታል፤ ሰሚው “እፎይ፣ ታረቁ” ብሎ ልቡን ሲያሳርፍ ማይነሩ ተመልሶ ይመጣና ያንን ሁሉ ብርሃን እንደ ገለባ ይጠርገዋል።

ደራሲው ከሞተ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ስለ ፍጥነቱ ትቶ የሄደው ቃል “እንደ ዋልዝ” የሚል ብቻ ነው፤ ውሃ ምን ይመስላል ቢሉት ውሃ ብሎ እንደሚመልስ ሰው። በዚህ በአንድ ሰነፍ ቃል የተነሳ በአንድ የሙዚቃ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ወንዶች ዓመቱን ሙሉ ሲናቆሩ ከረሙ።

አንደኛው የኦርኬስትራው መሪ ነው። ፈጣን ነው ይላል። ሦስቱን ምት በአንድ የበትር ውርወራ ጠቅልሎ “ቶሎ! ቶሎ! ይህ ድግስ እንጂ ለቅሶ አይደለም!” እያለ ይነዳቸዋል። ሁለተኛው ከኋላ፣ ከፍ ያለው እርከን ላይ ቆሞ ትልልቆቹን የመዳብ ከበሮዎች የሚመታው ወጣት ነው። ዝግ ይበል ይላል። “ማይነር ነው እኮ መምህር። የሚሮጥ ሰው አይደለም፣ የሚዝት ሰው ነው።” አባቱ ሥጋ ቆራጭ ነው፤ እሱ ራሱ ከበሮ የጀመረው በእሳት አደጋ ሠራተኞች የሰልፍ ባንድ ውስጥ ነው። መሪው እነዚህን ሁለት ነገሮች ለአንድ ቀን እንኳ ረስቶለት አያውቅም። የኦርኬስትራው ሰው ወጣቱን መብረቁ ይለዋል።

በሁለቱ መካከል፣ በቫዮሊኖቹ የመጀመሪያ ወንበር ላይ፣ የመሪው ልጅ ተቀምጣለች። ያችን ብሩህ ገጽ ብቻዋን የምትጫወተው እሷ ናት። መብረቁን የምትወደውም እሷው ናት።

ፍቅራቸው በጀርባ የተጀመረ ፍቅር ነው። ስትጫወት እሱ ከኋላዋ ስለሆነ አታየውም፤ ትሰማዋለች። የዋልዝ ሁለተኛ ምት ልክ በሰዓቱ ከመጣ የወታደር እርምጃ ይሆናል፤ ትንሽ ቀደም ሲል ነው ደረት ውስጥ የሚገባው። መብረቁ ያችን ምት ቀደም የሚያደርጋት እሷ በምትጫወትበት ቦታ ላይ ብቻ ነበር። ገባት። ማጅራቷ ቀላ። እሱም ከኋላ ሆኖ የማጅራቷን መቅላት አየ። ከዚያ ወዲህ ደረጃ ላይ መጠባበቁ፣ ኮሪደር ላይ ትከሻ ለትከሻ መነካካቱ፣ ሁሉም የታወቀውን ነገር ማጽደቅ ነበር።

ከዚያ ሌላ ከተማ ያለ አንድ ኦርኬስትራ ሁለቱንም ፈትኖ ተቀበላቸው። ለአባቷ የምትነግረው ይህ ዋልዝ ከሚቀርብበት ኮንሰርት በኋላ ነበር፤ አስባበታለች፣ ቃሉን ሁሉ መርጣለች። በኮንሰርቱ ዋዜማ ግን ከዚያኛው ኦርኬስትራ ጽሕፈት ቤት ቤቷ ስልክ ተደወለ። ያነሳው አባቷ ነው። አንዲት ደስተኛ ሴት “አዲሷ ቫዮሊናችንና ባለ ከበሮው መቼ ነው የሚደርሱልን?” አለችው።

በማግስቱ ጠዋት፣ በኮንሰርቱ ቀን፣ ሳሎን ውስጥ ፒያኖው ጋ ተቀምጣ ያችን ገጽ በግራ እጇ እየፈለገች ስታንጎራጉር አባቷ ለብሶ፣ ከረባቱን አስሮ፣ ከጎኗ ቆመ።

“እውነት ነው?”

“እውነት ነው አባባ።”

የፒያኖው ክዳን ግራ እጇ ላይ ተዘጋ።

አልጮኸችም። የቀለበት ጣቷ ጥፍር ለሁለት ተሰንጥቆ ነበር። መታጠቢያ ቤት ገብታ የቆዳ ቀለም ባለው ፕላስተር ጠቀለለችው፤ ለማንም ሳትናገር ወደ ልምምድ ሄደች። ብትናገር ገጿ ከጎኗ፣ ሁለተኛው ወንበር ላይ፣ ለሚቀመጠው ቫዮሊን ተጫዋች ይሰጥባታል። ደግሞም ሰው ፊት “አባቴ ነው” ማለት ከጣቷ ይልቅ ያማት ነበር። እንደዚህ ዓይነት አባቶች የሚኖሩት በልጆቻቸው ኀፍረት ነው፤ ልጁ አፍሮ ዝም ባለ ቁጥር አንድ ዓመት ይጨመርላቸዋል።

*

የመጨረሻው ልምምድ ላይ የጽዳት ሠራተኞች ገና በባዶዎቹ ወንበሮች መሃል ጎንበስ ቀና ይላሉ። መሪው ያን ቀን ዋልዙን አልመራውም፤ ገረፈው። ከወትሮው የባሰ ነበር። የማይነሩ ገጽ አለቀ፣ ሜጀሩ ተከፈተ፣ ቫዮሊኗ ብቻዋን ወጣች።

ቫዮሊን የሚጫወት ሰው ግራ እጁ ወደ መድረኩ ውስጥ ነው የሚዞረው። ስለዚህ ታዳሚው የማያየውን ከበሮ መቺው ያያል። መብረቁ መጀመሪያ ያየው ቀለሙን ነው። በፕላስተሩ ጠርዝ አንድ ቀይ መስመር ወርዶ በቫዮሊኗ አንገት ላይ ተጋደመ። ጣቷ ክሩን በተጫነ ቁጥር ትከሻዋ ይዘላል። የአባትየው በትር ግን ይበራል።

መብረቁ አላሰበም። የሚያውቀውን አንድ ነገር አደረገ፤ ምቱን ያዘው። የደነበረ በሬ በገመድ እንደሚይዝ ሰው፣ እያንዳንዱን የመጀመሪያ ምት ጥቂት ጥቂት እያዘገየ ወደ ኋላ ሳበው። ኮንትራባሶቹ፣ እነዚያ ሰው የሚያካክሉ ባለ ክሮች፣ የሚቆሙት ከከበሮዎቹ ሥር ነው፤ ዓይናቸው በትሩን ቢያይም እግራቸው የሚሰማው ከበሮውን ነው። ተከተሉት። ቼሎዎቹ ባሶቹን ተከተሉ። ገጹ ሳያልቅ ኦርኬስትራው በሙሉ ከመሪው እጅ ወጥቶ በመብረቁ እጅ ገባ።

እሷ ወለሉ ከእግሯ ሥር ሲከዳት ተሰማት። ደሟ መታየቱን አላወቀችም። ትዝ ያላት ሌላ ነገር ነው፤ አንድ ቀን ደረጃው ላይ መብረቁ እየሳቀ “አባትሽን ሰው ፊት በኔ ፍጥነት ባላስኬደው ከበሮ መምታት ይቅርብኝ” ብሏት ነበር። አደረገው! ደግሞ በሷ ገጽ ላይ። ደግሞ በዚህ ጣቷ ላይ።

“ቁም!” መሪው የኖታውን ማስቀመጫ በቡጢ መታው። “ከበሮ! ማን ሞቶብህ ነው?”

“ማንም አልሞተብኝም መምህር።”

“ታዲያ ይሄ የማን ቀብር ነው?”

“የኔ ነዋ!” አሉ ኮንትራባሳቸውን እንደ ሰካራም ባል ደግፈው የቆሙት አሮጊት። ሁሉም እትዬ ይላቸዋል፤ በዕድሜ ስለሚበልጡት መሪውን አንተ የሚሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። “እንደዚያ ስትሮጥ እኮ እኔ እዚህ ደርሼ ጣቶቼ ገና መንገድ ላይ ናቸው።”

ኦርኬስትራው ሳቀ። መሪው በትሩን ወረወረ። በትሩ የመብረቁን ቅንድብ ጭሮ ከበሮው ላይ ነጠረና ወደቀ። ሳቁ ተቆረጠ።

“ይሄ የሥጋ ቤት ግንድ መሰለህ? አባትህ አጥንት የሚከሰክስበት?”

“አባቴ የሚከሰክሰው የሞተውን ነው መምህር።”

“ለምን አዘገየህ? ንገረኝ! እዚህ ሁሉም ሰው ፊት ንገረኝ!”

መብረቁ አፉን ከፈተ። ቢናገር ሃምሳ ሰው ወደ ጣቷ ይዞራል፤ ገጿ ከእጇ ይወጣል። አፉን ዘጋ። ከቅንድቡ የወረደውን ደም በሸሚዙ ክንድ ጠረገ።

እሷ ዞራ አየችው። ያን ዝምታ እንደ ኩራት ቆጠረችው። እሱም ዓይኗ ውስጥ ያለውን ጥላቻ አይቶ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የሚመታው ሁሉ ቦታ የሳተ መሰለው።

*

የመሣሪያ ማስቀመጫው ክፍል ጠባብ ነው፤ ባዶ የቼሎ ሳጥኖች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። መብረቁ ደሙን ሊታጠብ ገብቶ ቧንቧውን ሳይከፍት በሩ ከኋላው ተዘጋ። የልጅቱ ታላቅ ወንድም ነው፤ ትራምፔት የሚነፋው።

“እህቴን ልታዋርዳት ነው የመጣኸው?”

“ስማኝ ወንድሜ…”

“ወንድምህ አይደለሁም!”

የመጀመሪያው ቡጢ ሆዱ ላይ አረፈ። ሁለተኛው ጆሮ ግንዱ ላይ። አንድ የቼሎ ሳጥን እንደ ሰው ወደቀ። መብረቁ ተጠግቶ ያዘው፤ ሁለቱም ቧንቧው ላይ ተላተሙ፤ ቀኝ እጁን አነሳ። እዚያ ላይ እጁ አየር ላይ ቆመ። ከፊቱ ያለው አፍ የትራምፔት አፍ ነው። ያን ከንፈር አንድ ጊዜ ቢያፈርጠው ሰውየው ዳግመኛ እንጀራ አይበላበትም። ሙዚቀኛ ሲጣላ የሚመታውን ያውቃል። ቡጢውን አወረደና የጎን አጥንቱን መታው፤ አየሩን ከሳንባው አስወጣው።

ወንድሟ ግን ለከበሮ መቺ እጅ አልራራም። በጉልበቱ መሬት ላይ አስተኝቶት የቀኝ እጁን አንጓ በጫማው ረገጠ። አንዴ ብቻ ነው የረገጠው። የተሰማው ድምፅ ወንድምየውን ራሱን አስደነገጠው።

“ተወው ጋሼ!” እህቱ በሩን ከፍታ ቆማለች።

“አንቺ ዝም በይ! ላንቺ ብዬ ነው!”

“ተወው አልኩህ! የኔ ድርሻ ነው።”

መብረቁ አንጓውን አቅፎ ተነሳ። ተጠግታ በቀኝ እጇ በጥፊ አለችው። ክፍሉ ጮኸ።

“ላንተ ምንድን ነኝ እኔ? ሌላ ከበሮ ነኝ? ከአባቴ ጋር የምትጣላበት ሜዳ አጥተህ እኔን ሜዳ አደረግኸኝ? በአንድ ሰው ልሸነፍ ፈቅጄ አላውቅም፤ አንተ ጋ የመጣሁት የሚያሸንፈኝን ለመቀየር አይደለም!”

“ጨረስሽ?”

“አልጨረስኩም!”

ግራ እጇን አነሳች። ደረቱን ልትገፋው ነበር። የፕላስተሩ ጫፍ ተላቆ ኖሮ መዳፏ ሸሚዙ ላይ ባረፈበት ቦታ ቀይ አሻራ ቀረ። ሦስቱም ያን አሻራ አዩት።

“ከገጹ መጀመሪያ አንስቶ ስትደሚ ነበር፤” አለ መብረቁ ቀስ ብሎ። “ማየት አልቻልኩም። ሌላ የማደርገው ነገር አልመጣልኝም።”

እጇን ከደረቱ አነሳች። ንዴቷ መሬት ፈልጎ አጣ። ወንድሟ እጇን ሳብ አድርጎ ፕላስተሩን ገለጠው፤ ጥፍሩን አይቶ ፊቱ አመድ መሰለ።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“በር ነው።”

“በር ጥፍር እንደዚህ አያደርግም። ማነው?”

“በር ነው አልኩህ ጋሼ።”

“ማነው?”

“አባባ ነው!” ጮኸች። “አባባ ነው! በፒያኖው ክዳን! በቃህ? አሁን ደስ አለህ?”

ወንድምየው መብረቁን አየ፤ በጫማው የረገጠውን አንጓ አየ። የተሳሳተ ሰው ደብድቦ እንደጨረሰ ሰው እጁን የሚያደርግበት ጠፋው። ከዚያ በሩን ከፍቶ በኮሪደሩ ሮጠ። የት እንደሚሄድ ሁለቱም አውቀዋል።

እሷ ልትከተለው ስትል መብረቁ መንገዷን ያዘ።

“ይቅር በይኝ።”

“ለምኑ? ለልብህ ነው ለእጅህ?” እንባዋ ዓይኗ ላይ ቆሞ አልወርድ ብሎ ነበር። “ያደረግኸው ለኔ መሆኑን አሁን አውቄያለሁ። ግን ማን ጠየቀህ? እሱ ሳይጠይቀኝ አስሮጠኝ። አንተ ሳትጠይቀኝ ያዝከኝ። መሃል ላይ ያለሁት ሰው መሆኔ ላንዳችሁም ትዝ አላለም።”

ይህ ቃል መብረቁን ከተረገጠው አንጓው ይልቅ አመመው። እውነት ነበርና ከመንገዷ ገለል አለ።

*

የመሪው ክፍል ሲደርሱ መስተዋቱ ተሰብሮ ወለሉን ሞልቶታል። ወንድሟ የወንበር እግር ጨብጦ ቆሟል፤ ወንበሩ የለም። አባትየው ግድግዳ ተደግፎ፣ ከረባቱ ወደ ጎን ሄዶ፣ ያም ሆኖ አገጩን ከፍ አድርጎ ነበር።

“አባትህን ልትመታ ነው?”

“ንገረኝ! አድርገኸዋል አላደረግኸውም?”

“ክዳኑ አመለጠኝ።”

“አላመለጠህም አባባ።” ከበሩ ሆና ነው የተናገረችው፤ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። “ሁለት ጊዜ ነው የዘጋኸው።”

የወንበሩ እግር ከወንድሟ እጅ ወደቀ። ሰው የማያውቀውን ሲሰማ ይጮኻል፤ እያወቀ ላለማወቅ ሲደክምበት የኖረውን ሲሰማ ግን ዝም ይላል። ወንድምየው ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብሎ ፊቱን በመዳፎቹ ሸፈነ።

መሪው ከረባቱን አቃና። “ጣት ይድናል፤” አለ። “የሄደ ልጅ ግን አይመለስም። ማንን ይዤ ልቅር? ይህን ኦርኬስትራ የሠራሁት ላንቺ ነው። ያ ወንበር ያንቺ ነው። እኔ ያለአንቺ… አንቺ ያለእኔ አንድ ምት እንኳ አትጀምሪም!”

ሳያስበው ያመለጠው ነገር ከተናገረው ሁሉ እውነቱ ነበር፤ እሱ ግን አልሰማውም። ይህን ፍቅር ይሉታል! ልጃቸውን ሰብረው ሲያበቁ ስብርባሪውን ደረታቸው ላይ ይለጥፉና “ስንወዳት እዩ” ይላሉ። ፍቅር ከሆነ ለጠላት ይስጠው።

“ሁለተኛው ወንበር ይጫወታል፤” አለ መሪው። “አንቺ በዚህ ጣት አትችይም።”

“እኔ ነኝ የምጫወተው።”

“በምን ጣት?”

“በቀሩት።”

ወደ መብረቁ ዞረች። አንጓው አብጦ ቀይ ሆኗል። ተያዩ፤ በዓይናቸው እንኳ ገና አልታረቁም።

“በየትኛው ፍጥነት?” አላት።

“በኔ።”

“ደም ሲወርድ ካየሁስ?”

“እየው። ማየት አልከለክልህም። እጅህን ግን እንዳታነሳብኝ፣ እንዳትይዘኝ። አንዲት ምት ብታዘገይልኝ ሁለተኛ አላውቅህም።”

ራሱን ነቀነቀ። ከዚህ የበለጠ ከባድ ነገር ጠይቃው አታውቅም፤ ሁለቱም ያውቃሉ።

*

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ወንዶች ያስሉ፣ ሴቶች መሐረብ ያወጡ፣ ልጆች ዝም በሉ ይባሉ ነበር። ሌሎቹ ሥራዎች ቀርበው አለቁ፤ ዋልዙ የመጨረሻው ነው። እሷ የመጀመሪያው ወንበሯ ላይ ናት፤ ሕዝብ ፊት አባቷ ተነሺ ሊላት አልቻለም።

መሪው በትሩን አነሳ። ከየትኛውም ቀን በላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ክንዱ ገና ሳይወርድ እሷ በአፍንጫዋ ትንፋሽ ሳበች። ያን ትንፋሽ ሁሉም ባለ ክር መሣሪያ ያውቀዋል፤ ከበትሩ በፊት የሚደርሳቸው እሱ ነው። ደጋኗ ክሩን ነከሰ። በትሩ ሲወርድ ዋልዙ ጀምሮ ደርሶበታል።

የአባቷ ፍጥነት አልነበረም። የመብረቁም አልነበረም። አንድ ሰው ተሰድቦ፣ ተገፍቶ፣ ከዚያ ዞር ብሎ ወደ ሰደበው ሰው ሲራመድ የሚሄደው አካሄድ ነበር። አይሮጥም፤ አይቆምም። ሶል ማይነር እንደዚያ ቀን ፊቱን አሳይቶ አያውቅም። እንኳን ለዳንስ፣ ለመቀመጥ የማይመች ዋልዝ ሆነ። ፊት መደዳ ላይ አንድ ወፍራም ሰው ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀበት።

መሪው ሊያስሮጣቸው ሞከረ። ክንዱን አሰፋ፤ አየሩን ቀዘፈ። እትዬ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እሳቸውን አይተው ባሶቹ በሙሉ አንገታቸውን ወደ ኖታው ደፉ። ወንድሟ ትራምፔቱን ወደ ከንፈሩ አስጠግቶ፣ ዓይኑን ከእህቱ ደጋን ሳይነቅል፣ ጥሪውን በሷ ምት ላይ ተከለው፤ እንባው ጉንጩ ላይ እየወረደ ድምፁ ግን አልተሰበረም። ከላይ ከእርከኑ መብረቁ በግራ እጁ ብቻ ይመታል። ቀኙ ጎኑ ላይ ተንጠልጥሏል። አንድ እጅ የሁለት እጅ ሥራ ሲሠራ ትከሻውን ይገነጥለዋል፤ እሱ ግን አንዲት ምት አላስቀረም።

ከዚያ ሜጀሩ ተከፈተ።

ገጹን በሦስት ጣት ነበር የጀመረችው። የቀለበት ጣት መውደቅ ባለበት ቦታ ሌላውን ጣት እያንሸራተተች ደረሰች፤ በተንሸራተተች ቁጥር ቫዮሊኗ ሰው የሚጠራ ሰው ድምፅ አወጣች። ያንን ገጽ ማንም እንደዚያ ተጫውቶት አያውቅም። ብሩህ ነው የሚሉት ሜጀር ቁስሉን ገልጦ የሚያሳይ ብርሃን ሆነ።

መጨረሻው አካባቢ ከሁሉም ከፍ ያለች አንዲት ድምፅ አለች። ከቀለበት ጣት ሌላ እሷ ላይ የሚደርስ ጣት የለም።

መብረቁ ያችን ድምፅ ያውቃታል። እየቀረበች ስትመጣ ክንዱ ውስጥ ያለው ሥር ሁሉ ተገተረ። ጥቂት ቢያዘገይላት ጣቷን ታሳርፋለች፤ ትንፋሽ ታገኛለች፤ ማንም አያውቅበትም። እሷ ግን ታውቃለች። ጥርሱን ነክሶ፣ የሚወዳት ሴት ደሟ በቫዮሊኗ አንገት ላይ ሲወርድ እያየ፣ ምቱን ልክ በጠየቀችው ቦታ ላይ አኖረላት። በሕይወቱ እንደዚያ የጨከነበት ጊዜ የለም፤ እንደዚያ ወድዷት የሚያውቅበት ጊዜም የለም።

ጣቷ ክሩ ላይ ወደቀ። ድምፁ ወጣ። ረጅም ነበር፤ ንጹሕ ነበር። ፊቷ ተጨማደደ እንጂ ድምፁ አልተጨማደደም።

ከዚያ ማይነሩ ሲመለስ እሷ ራሷ ነበረች ያስሮጠችው። አሁን ማንም አላሳደዳትም፤ የምታሳድደው እሷ ናት። ኦርኬስትራው ከኋላዋ እንደ ጎርፍ ወረደ። መሪው በትሩን ይዞ በዚያ ጎርፍ መሃል ቆሞ ነበር፤ በመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ እጁ በልጁ ምት ላይ መንቀሳቀስ ጀምሮ እንደነበር ያዩ አሉ። አወቀ ማለት ይከብዳል፤ ክንድ ብዙ ጊዜ ከባለቤቱ ቀድሞ ይሸነፋል።

የመጨረሻው ምት እንደ ምሳር ወረደ።

አዳራሹ በጭብጨባ ፈነዳ። ሰው ተነሳ። መሪው ግንባሩን ጠርጎ ዞረ። ሥራው ሲያልቅ መሪ የመጀመሪያዋን ቫዮሊን በእጅ ይጨብጣል፤ በየአዳራሹ ያለ ደንብ ነው፣ ታዳሚውም የሚጠብቀው ነው። እጁን ዘረጋላት። ፊቱ ላይ ለሕዝብ የተዘጋጀው ፈገግታ ነበር፤ ዓይኑ ግን ይለምን ነበር።

ቫዮሊኗንና ደጋኗን በአንድ እጇ ሰብስባ ተነሳች። የተዘረጋውን እጅ አየችው። ነጭ፣ በጥንቃቄ የታጠበ፣ ጥፍሮቹ የተስተካከሉ እጅ ነበር። ከእጁ በላይ የሚለምነውን ዓይን ስታይ ሆዷ ባባ፤ ሆዷ በመባባቱ ደግሞ ተናደደች፣ ምክንያቱም እዚያ ቤት ውስጥ ይህን ያህል ዘመን ያኖራት ይኸው የሆድ መባባት ነበር።

“ደህና ሁን አባባ፤” አለችው።

አልጨበጠችውም። ጭብጨባው መሃል ላይ ተንጠባጠበ። ሰው አንዱ አንዱን አየ። የመሪው እጅ አየር ላይ ቀረ፤ ለመመለስም ለመውረድም ቦታ አጣ። እሷ በቼሎዎቹ መሃል፣ በእትዬ አጠገብ አለፈች። እትዬ ኮንትራባሳቸውን ወደ ጎን ገፍተው መንገድ ሰጧት። ወንድሟ ትራምፔቱን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ቀና ብሎ አላያትም፤ ስታልፍ ብቻ የቀሚሷን ጫፍ በሁለት ጣቱ ነክቶ ለቀቀ።

ከበሮዎቹ ጋ ስትደርስ ቆመች።

“ትመጣለህ?”

መብረቁ መምቻውን አስቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀድሟት አልሄደም፤ እጇንም አልያዘም። “ከጠራሽኝ፤” አላት።

“ጠርቼሃለሁ።”

ከመድረኩ ኋላ ያለው የድንጋይ ደረጃ ጠባብና ቀዝቃዛ ነው። ላይ አዳራሹ ውስጥ ሰው ያጉረመርማል፣ ወንበር ይንጫጫል፣ የአንድ ሰው ድምፅ “ምን ሆና ነው?” ይላል። ሁለት ደረጃ ወረደች፤ ሦስተኛው ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ከጠዋት ጀምሮ ሲጠብቃት የነበረው ሕመም አሁን መጣ። ከጣቷ ተነስቶ ክንዷን፣ ብብቷን፣ አንገቷን ይዞ ወጣ፤ ከሕመሙ ኋላ ክዳኑ መጣ፤ ከክዳኑ ኋላ የአባቷ እጅ፣ እንደዚያ አየር ላይ የተንጠለጠለው።

መብረቁ አይዞሽ አላለም። ከሷ በታች ባለው ደረጃ ላይ ቆሞ ትከሻውን አስጠጋላት። ፊቷን ቀበረችበት፤ ጥርሷን ኮቱ ላይ ተክላ፣ ጨርቁን አልፋ ሥጋውን እስክትነክስ፣ ጮኸች። ያመው ነበር። አልተንቀሳቀሰም። ጩኸቷ አልቆ ትንፋሿ ሲመለስ ሌላ ጩኸት መጣ፣ ከዚያ ሌላ፤ እሱም አንድ እጁን ድንጋዩ ላይ ተክሎ፣ የተረገጠውን እጁን ወደ ኋላው ሰብስቦ፣ በሕይወቷ ሙሉ ያልጮኸችውን ሁሉ ትከሻው ላይ ተቀበለላት።